ብሮሹር ማለት «የተሰፋ» ማለት ነው

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ጣና ላይ እንግዶችን በጀልባ በሚያስጎበኝ ማኅበር ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ወር ለእንግዶች የሚታደል ብሮሹር አዘዝን። ጽሑፋችን ሽፋኑን ጨምሮ 14 ገጽ ነው፤ የጠበቅነውም ገጽ ገጽ ያለው ትንሽ መጽሐፍ ነበር። የመጣልን ግን ለሦስት የታጠፈ አንድ ወረቀት ነው። ጽሑፋችንም ከግማሽ በላይ ተቆርጧል። ማተሚያ ቤቱ ‹ብሮሹር ማለት ይሄ ነው› አለን። አለቃችን ደግሞ ‹ብሮሹር መጽሐፍ ነገር ነው› ይላሉ። ለመሆኑ ቃሉ ምን ማለት ነው? ከየት መጣ? ሲጻፍስ ብሮሹር ነው ብሮሸር? አማርኛ የለውም ወይ?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ መጀመሪያ በቋንቋ መምህርነት፣ ኋላ በማተሚያ ቤት አራሚነት። ይሄ ክርክር ሲነሳ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁሌም የሚያልቀው በዋጋ ጭቅጭቅ ነው። ቃሉ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ ግን ካንቺ በፊት አልነበረም።

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ብሮሹር የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ሲፈታ «የተሰፋ» ማለት ነው። ማስታወቂያ የሚል ነገር ውስጡ የለም። ጉብኝት፣ ፎቶ፣ ቀለም የሚልም የለም። ያለው መርፌና ክር ብቻ ነው። ስለዚህ በቃሉ ትውልድ ከሄድን አለቃሽ ልክ ናቸው። በዛሬ አነጋገር ከሄድን ደግሞ ማተሚያ ቤቱም አልዋሸም። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ላስረዳሽ።

ከሥሩ እንነሳ። የጥንት ሮማውያን ጥርሱ ወደ ፊት የወጣ ሰው ወይም እንስሳ ሲያዩ «ብሮኩስ» ይሉት ነበር። ከዚህ ቃል ሹል ለሆነ፣ ወጣ ላለ፣ ለሚወጋ ነገር ሁሉ ስም ተገኘ። ፈረንሳይኛ ላይ ሲደርስ «ብሮሽ» ሆነ። ሥጋ ተሰክቶ እሳት ላይ የሚዞርበት ብረት ብሮሽ ነው። ሴቶች ልብሳቸው ላይ የሚሰኩት ጌጥም ብሮሽ ነው። ከስሙ ደግሞ ግሥ ወጣ፤ «ብሮሼ»። መውጋት፣ ወግቶ ማያያዝ፣ መስፋት ማለት ነው። መጽሐፍ ጠራዦች ሉኮቹን ደርድረው፣ በመርፌ ወግተው፣ በክር ሲያያይዙ ሥራቸው ብሮሼ ተባለ። ከእጃቸው የሚወጣው ዕቃ ደግሞ ብሮሹር።

የዚህ ቤተሰብ አንድ አባል አትክልት ተራ ውስጥ አለ። ብሮኮሊ ነው። ጣሊያኖች ወጣ ያለ ቀንበጥን «ብሮኮ» ይሉታል፤ ብሮኮሊ ትንንሽ ቀንበጦች ማለት ነው። እጅሽ ላይ ያለው ወረቀትና ይሄ አትክልት የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም የመጡት ወጣ ካለው ከዚያ ጥርስ ነው።

ግን ለምንድነው መስፋቱ ብቻውን ስም የሆነው? መጽሐፍ ሁሉ ይሰፋ የለም ወይ? መልሱ ያለው በድሮ የመጽሐፍ ንግድ ውስጥ ነው። (ከዚህ በታች ያሉትን ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በ18ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ መጽሐፍ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ጠንካራ ሽፋን ሳይገባለት ነበር። ሉኮቹ ይታጠፋሉ። በክር ይያዛሉ። ከላይ ስስ ወረቀት ይደረግባቸዋል። በቃ፣ ለገበያ ይወጣሉ። የገጾቹ ጫፍ እንኳ አልተቆረጠም። ገዢው ቤቱ ወስዶ በቢላ እየሰነጠቀ ያነባል። አቅም ያለው ሰው ኋላ ወደ ጠራዥ ይወስደውና ቆዳ ያስለብሰዋል። አቅም የሌለው እንዲሁ ይዞት ይኖራል።

አጭር ጽሑፍ ሲሆን ግን ሀብታሙም ቆዳ አያለብሰውም። ለጥቂት ሉክ ማን ያን ያህል ወጪ ያወጣል? ተሰፍቶ እንደተሸጠ ይቀራል። ብሮሹር የሚለው ስም የተጣበቀው በዚህ ዓይነቱ ላይ ነው። ተሰፍቶ የቀረ፣ ቆዳ ያላየ፣ አጭርና ርካሽ ጽሑፍ። ፈረንሳዮች ዛሬም ለስላሳ ሽፋን ያለውን መጽሐፍ የሚጠሩት በዚሁ ግሥ ነው።

እንግሊዞች ቃሉን የተዋሱት በዚያው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ብሮሹር ስለምንም ነገር ሊሆን ይችል ነበር። የፖለቲካ ሙግትም፣ የሃይማኖት ክርክርም፣ የሕክምና ምክርም። ወደ ማስተዋወቅ ያዘነበለው ኋላ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ሰውን በብዛት ማጓጓዝ ጀመሩ። መንገደኛው የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያይ፣ ስንት እንደሚከፍል ማወቅ ፈለገ። ቶማስ ኩክ የሚባል እንግሊዛዊ በ1841 ሰዎችን ሰብስቦ በባቡር ወሰደ። በ1845 ደግሞ ወደ ሊቨርፑል ለሚሄዱ መንገደኞቹ ስለ ጉዞው የሚያስረዳ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። አንቺ ዛሬ የምትሠሪውን ሥራ ነው የሠራው። ልዩነቱ እሱ ባቡር ነበረው፣ አንቺ ጀልባ አለሽ።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ጥያቄሽን የወደድኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈረንሳዮች «ብሮሼ» ያሉትን እኛ ከጥንት ጀምሮ «ጠረዘ» እንላለን። «ብሮሹር» ላሉት ደግሞ «ጥራዝ» አለን። ጠረዘ ማለት ሉኮችን ደርድሮ በመርፌ ሰፋ ማለት ነው። ጥራዝ የተሰፋው ነው። ሁለት ሕዝብ፣ ሳይነጋገር፣ ከአንድ ዓይነት የእጅ ሥራ አንድ ዓይነት ቃል አወጣ። «ጥራዝ ነጠቅ» የምንለው ሰው ራሱ ከዚህ የመጣ ነው። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ሳይማር፣ ከመሀል አንድ ጥራዝ ነጥቆ «አዋቂ ነኝ» የሚል ሰው። ይህን አባባል ሊፈጥር የሚችለው መጽሐፍ ሲሰፋ ያየ ሰው ብቻ ነው። አንድ መጽሐፍ ከብዙ ጥራዝ እንደሚያያዝ የሚያውቅ።

ያንን ስፌት ደግሞ አንቺ በየቀኑ አጠገቡ ታልፊያለሽ። ዘጌ ወርደሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቢ፣ ወይም ደቅ ደርሰሽ ናርጋ ሥላሴን ስታሳዪ፣ የእንግዳው ዓይን ግድግዳው ላይ ባሉት ሥዕሎች ይወሰዳል። አይፈረድበትም። መጽሐፍ አውጥተው ሲያሳዩሽ ግን አንድ ጊዜ ጀርባውን እዪው። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ብራናው ለሁለት ይታጠፋል። አራት ወይም አምስት የታጠፈ ብራና አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባና አንድ ጥራዝ ይወጣዋል። አራት ከሆነ 8 ቅጠል ነው፤ 16 ገጽ። ከዚያ ወስፌ ይመጣል። እጥፋቱ ላይ ቀዳዳ ይበሳል። ክሩ ከአንዱ ጥራዝ ወደሚቀጥለው፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው፣ እንደ ሰንሰለት እየተቆላለፈ ያልፋል። በመጨረሻ ከፊትና ከኋላ የእንጨት ገበታ ይሰፋበታል፤ ብዙ ጊዜ ዋንዛ ነው። ጥራዞቹን አንድ ላይ የሚይዛቸው ስፌቱ እንጂ ሙጫ አይደለም።

አንድ ጊዜ ከደሴቶቹ በአንዱ ላይ አንድ አረጋዊ መነኩሴ የተፈታ ዳዊት ሲጠርዙ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። አሮጌውን ክር ቆርጠው አወጡት። ብራናውን ግን ነክተው ሳይጎዱት፣ በድሮው ቀዳዳ አዲስ ክር አስገቡበት። አዲስ ቀዳዳ አልበሱም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ቀዳዳ በተጨመረ ቁጥር ብራናው እንደሚደክም ነገሩኝ። ያን ቀን ነው መስፋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። ከዚያ በኋላ ብሮሹር የሚለው ቃል በጆሮዬ ሌላ ሆነ።

ከዚያ ዳዊት ወደ አንድ የተማሪ ደብተር ያለው መንገድ አጭር ነው። ቤትሽ ያለ ደብተር አንስተሽ መሀሉን ክፈቺ። ሁለት ሽቦ ታያለሽ። ያ ሽቦ ስፌት ነው፤ ክሩ ብረት ሆነ እንጂ። ብሮሹር በትውልድ ትርጉሙ ይሄ ነው። መሀሉ ላይ የተሰፋ፣ ስስ ሽፋን ያለው፣ ጥቂት ገጽ የሆነ ነገር።

ታዲያ እኛ ጥራዝ የሚል ቃል እያለን ብሮሹር ለምን ገባ? የእኔ አስተያየት ይሄ ነው። መሣሪያው ቃሉን ይዞት ይመጣል። በግዕዝ ፊደል መጀመሪያ የታተመው መጽሐፍ ዳዊት ነው። የታተመው ግን በ1513 ሮም ላይ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ፣ እዚያ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ተምሮ ያሳተመው። ማተሚያ መሣሪያ ወደ እኛ ሲመጣም በአውሮፓውያን እጅ ነው የመጣው። ከመሣሪያው ጋር የሙያው ቃል አብሮ መጣ። ዛሬ ማተሚያ ቤት ገብተሽ ብትሰሚ ኦፍሴት፣ ፕሌት፣ ላሚኔሽን፣ ግሎሲ ነው የሚባለው። ጥራዝ፣ ወስፌ፣ ገበታ፣ ማኅደር ደግሞ ከብራናው ጋር በገዳም ቀሩ። ሁለቱ ሙያዎች አንድ ሥራ ይሠራሉ፤ ቃላቸው ግን ሳይተዋወቅ ኖረ። ይሄ ያሳዝነኛል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ይበልጥ ያሳዝነኛል፤ ሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ሰዓት የጀልባ መንገድ ነውና።

አሁን ወደ ክርክራችሁ። ስፌቱ ከቃሉ የት ጠፋ?

ቃል ረጅም ዘመን ሲኖር ሰው የዕቃውን ጥቅም እንጂ አሠራሩን አያስታውስም። ብሮሹር ማለት እንግዳ ወይም ደንበኛ የሚሰጠው ማስተዋወቂያ ነው ብሎ ሰው ለመደ። ከዚያ በኋላ የተሰፋም መጣ፣ የታጠፈም መጣ፣ ሥራው አንድ ስለሆነ ስሙም አንድ ሆነ። በእንግሊዝኛም የሆነው እንዲሁ ነው፤ እኛ ያበላሸነው ነገር አይደለም።

ከከተማችን ምሳሌ ልስጥሽ። ባጃጅ ይዘሽ «ፔዳ» ስትዪ ማን ፔዳጎጂን ያስባል? ስሙ የመጣው እዚያ ከነበረው የፔዳጎጂ አካዳሚ ነው። አካዳሚው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከገባ ስንት ዘመኑ። ሹፌሩ ግን «ፔዳ፣ ፔዳ!» ይላል። ተማሪውም ፔዳ ነው የምማረው ይላል። ልክ ናቸው። ስም አንዴ ቦታ ከያዘ ምክንያቱን ተሸክሞ መዞር የለበትም።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ፔዳ ሲባል ማንም መንገድ አይስትም። ብሮሹር ሲባል ግን ሰው ገንዘቡን ያጣል። እኔ በነበርኩበት ማተሚያ ቤት የደረሰውን ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓል ትእዛዝ ላከ። ወረቀቱ ላይ ያለው «ብሮሹር፣ 1000 ኮፒ» የሚል ብቻ ነው። የእኛ ሰዎች አጥፈው አስረከቡ። የታሰበው ለካ ባለ 16 ገጽ የተሰፋ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ሌሊቱን ሙሉ እንደ አዲስ ተሠራ። እኔም በጥድፊያ አንብቤ አሳለፍኩት። የአንድ ደሴት ስም ተሳስቶ 1000 ጊዜ ታተመ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ሰው «የታጠፈ ነው የተሰፋ?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስም ነበር። ከሁለቱም ወገን የጠየቀ አልነበረም።

የጎረቤት ቃላቱንም ቶሎ ልለፋቸው፤ እነሱም ያጣላሉና። በራሪ ወረቀት አንድ ነጠላ ቅጠል ነው። አይሰፋም፣ ብዙ ጊዜ አይታጠፍም። ልጆቹ ፍላየር ይሉታል፤ ያው በራሪ ማለት ነው። ካታሎግ ዝርዝር ነው። ቃሉ ግሪክ ነው፤ መዘርዘር ከሚል የመጣ። ዕቃና ዋጋ ካልተዘረዘረበት ካታሎግ አትበዪው። ሊፍሌት «ትንሽ ቅጠል» ማለት ነው። እዚህ ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለ። ወረቀት የሚለው የእኛ ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን እሱም ሲፈታ ቅጠል ነው።

ፓምፍሌት ግን ትንሽ ቆም ያስደርጋል። በ12ኛው መቶ ዘመን በላቲን የተጻፈ አጭር የፍቅር ግጥም ነበር። ባለታሪኩ ፓምፊሉስ ይባላል። ስሙ ግሪክ ነው፤ በሁሉ የተወደደ ማለት ነው። ግጥሙም እንደ ስሙ ተወደደ። አጭር ስለሆነ በጥቂት ቅጠል እየተገለበጠ አውሮፓን አዳረሰ። ሰዉ አበበን አቤ እንደምንለው አቆላምጦ «ፓምፊሌት» አለው። ኋላ በጥቂት ቅጠል የተያዘ ጽሑፍ ሁሉ፣ ስለ ፍቅር ሆነም አልሆነም፣ በዚህ ስም ተጠራ። ስለዚህ ብሮሹር ስሙን ያገኘው ከተሰፋበት መርፌ ነው። ፓምፍሌት ስሙን ያገኘው ከአንድ አፍቃሪ ሰው ነው። ሁለቱ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተደባልቀዋል። ዩኔስኮ በ1964 አገሮች መጻሕፍታቸውን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲቆጥሩ ብሎ ድንበር አበጅቶላቸዋል። ሽፋኑ ሳይቆጠር ከ5 እስከ 48 ገጽ ያለው ፓምፍሌት ነው፤ ከ49 ጀምሮ መጽሐፍ ነው። የእናንተ 14 ገጽ በዚህ ሚዛን መጽሐፍ አይባልም። ተሰፍቶ የሚወጣ ነገር መሆኑ ግን አያጠያይቅም።

ወደ አጻጻፉ ልምጣ። ብሮሹር ወይስ ብሮሸር? በፈረንሳይኛ የቃሉ መጨረሻ ላይ ያለው አናባቢ አማርኛ ውስጥ የለም። ከንፈርን እንደ «ኡ» አሹሎ «ኢ» እንደ ማለት ነው። እኛ ይህን ድምፅ አንዳንዴ በኢ፣ አንዳንዴ በኡ እንተካዋለን። ቢሮ የሚለው ቃል ፈረንሳይኛ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ያለው ይኸው ድምፅ ነበር፤ እኛ «ቢ» አደረግነው። ብሮሹር ላይ ደግሞ «ሹ» ሆነ። ብሮሸር የሚለው የእንግሊዝኛውን አነባበብ የተከተለ ነው። ሁለቱም ጋዜጣ ላይም፣ ጨረታ ማስታወቂያ ላይም ይታያሉ። እኔ ሳርም ብሮሹርን ነው የምመርጠው፤ ለእናት ቃሉ ይቀርባልና። ዋናው ግን አንድ ጽሑፍ ውስጥ አንዱን ይዞ መዝለቅ ነው። ሽፋኑ ላይ ብሮሹር፣ ውስጡ ብሮሸር ከሆነ ዓይን ያደናቅፋል።

ደግሞ እንግዳ ቃል ነው ብለሽ አትሸማቀቂበት። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከፈረንሳይኛ ብዙ ወስደናል። ለገሃር «ባቡር ጣቢያው» ማለት ነው። ሹፌር የእነሱ ነው። መሥሪያ ቤት ወረቀት የምናያይዝበት አግራፍም የእነሱ ነው። ማንም ዛሬ ሹፌርን ባዕድ አይለውም።

አማርኛ የለውም ወይ ላልሽው፣ አለው። ግን አንድ ቃል አይበቃውም ባይ ነኝ፤ ዕቃው ሁለት ነውና። የተሰፋውን «የማስተዋወቂያ ጥራዝ» ብትዪው ማንም ይገባዋል። ቃሉም ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። ጥራዝ ብቻውን ካልሽው ግን ያደናግራል። ብዙ ሰው ጥራዝ ሲባል «ቅጽ 1፣ ቅጽ 2» የሚባለው ትልቁ ነገር ይመጣበታል። የታጠፈውን «እጥፍ መግለጫ» በዪው። «በራሪ ጽሑፍ» የሚሉም አሉ፤ እኔ ግን በራሪን ለነጠላው ወረቀት ብንተውለት ይሻላል እላለሁ። በንግግር ላይ ብሮሹር ማለቱን አትተዪ። ማተሚያ ቤት ሄደሽ «የማስተዋወቂያ ጥራዝ» ብትዪ ልጁ ግራ ሊገባው ይችላል። ብሮሹር በዪው፤ ከዚያ የቱን ብሮሹር እንደሆነ ንገሪው።

እንዴት እንደምትነግሪውም ልጨምር። አራት ነገር ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሂጂ፤ መጠኑ፣ የገጹ ብዛት፣ የታጠፈ ወይም የተሰፋ መሆኑ፣ የወረቀቱ ክብደት በግራም። «ብሮሹር፣ ኤ5፣ 16 ገጽ፣ መሀሉ ላይ በሽቦ የተሰፋ» ካልሽና የወረቀቱን ግራም ካከልሽበት የሚያጣላ ነገር አይኖርም። ለወደፊቱ የታጠፈውንም ማዘዛችሁ አይቀርም፤ ለጀልባ ሰዓትና ለዋጋ እሱ ይሻላል። አንድ ኤ4 ወረቀት ለሦስት ሲታጠፍ 6 ፊት ይሰጣል። ርዝመቱ 297 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው እኩል 99፣ 99፣ 99 ይከፍለዋል። ትክክል አይመጣም። ወደ ውስጥ የሚገባው ክፍል ጠበብ ማለት አለበት፤ አለዚያ ይጨማደዳል። 100፣ 100፣ 97 አድርገሽ ብታሠሪው ያለ ጭንቅ ይዘጋል።

የተሰፋው ላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለ፤ ከብራናው ዘመን ጀምሮ ያልተለወጠ። አንድ ሉክ ሲታጠፍ 4 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ የሚሰፋ ነገር ገጹ ለ4 መካፈል አለበት። 8፣ 12፣ 16፣ 20። የእናንተ 14 ለ4 አይካፈልም። ወይ ወደ 12 ትቀንሺዋለሽ፣ ወይ ወደ 16 ታሳድጊዋለሽ። እኔ አሳድጊው እላለሁ። አንዴ ተቆርጦባችኋል፣ ከእንግዲህ መቆረጥ አይገባውም። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡ ከወዲሁ ካልተጻፈ፣ ጀልባዋ ከደረሰች በኋላ የምትቀየም እንግዳ አትጠፋም። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም እንዳለ ካልተነገረው እንግዳው ዛፍና ውሃ አይቶ ይመለሳል። ይሄ ሁሉ ቦታ ይፈልጋል።

የሚተርፉትን 2 ገጾች ምን ላድርጋቸው ካልሽኝ ሐሳብ አለኝ። ዳር ላይ የሚበቅለውን ደንገል አስቢ፤ ታንኳ የሚሠራበትን። የጥንት ግብፆች ይጽፉበት የነበረው ፓፒረስ እሱ ራሱ ነው። እንግሊዞች ለወረቀት የሚሉት «ፔፐር» የመጣውም ከዚያው ስም ነው። እንግዳሽ በእጁ የያዘው ወረቀት ስሙን ያገኘበት ሣር፣ ከጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ ቆሟል። ይሄን ማን ነግሮት ያውቃል? በአንዱ ገጽ ላይ እሱን ጻፊው፣ ከታንኳ ፎቶ ጋር። በሁለተኛው ላይ የገዳማቱ መጻሕፍት እንዴት እንደሚጠረዙ ጻፊ፤ ብራናው፣ ወስፌው፣ ሰንሰለቱ ክር፣ የዋንዛው ገበታ። ሁለቱን ገጾች ደግሞ መጨረሻ ላይ አትጣያቸው። በባለ 16 ገጽ ጥራዝ መሀሉ ገጽ 8 እና 9 ነው። እዚያ አስቀምጫቸው። እንግዳው ሲከፍተው ሁለቱ ሽቦዎች ከጽሑፉ መካከል ይታዩታል።